ሰነድ ማመንጨትን ከቢልድ ጋር ማያያዝ፦ በእያንዳንዱ ቢልድ ይሁን ወይስ ለብቻው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ፣ መካከለኛ መጠን ያለው ላይብረሪ የሚያዘጋጅ ቡድን አባል ነኝ። ቢልዳችን (ላይብረሪውን ከኮዱ የመገንባቱ ሥራ) የሚመራው በሲሜክ ሲሆን፣ ለተጠቃሚዎች የሚቀርበውን የማጣቀሻ ሰነድ በሄደር ፋይሎቹ ውስጥ ካሉት ኮሜንቶች በዶክሲጅን እናመነጫለን። እስካሁን ሰነዱን የማመንጨት ሥራ የአንድ ሰው ኃላፊነት ነበር፤ አዲስ ስሪት ሊወጣ ሲል ትእዛዙን በእጁ ያስኬድና የወጣውን ኤችቲኤምኤል ከኮዱ ጋር በአንድ የጊት ማከማቻ ውስጥ ኮሚት ያደርገዋል። በዚህ አሠራር ሰነዱ በስሪቶች መካከል ከኮዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሁለት ሰዎች በተለያዩ ብራንቾች ላይ ካደሱት ደግሞ ማንም በእጁ ባልጻፋቸው እጅግ ብዙ ፋይሎች ላይ ግጭት ይነሣል።

ይህን ለማስቀረት ሰነድ ማመንጨቱን የቢልዱ አካል እናድርገው ብለን፣ ዶክሲጅንን የሚያስኬድ ታርጌት (በስሙ የሚጠራ የቢልድ ሥራ) ጨምረን «ኦል» ከሚባለው ነባሪ ታርጌት ጋር አያያዝነው። ሰነዱ አሁን ከኮዱ ጋር እኩል ይሄዳል። ነገር ግን አንዲት መስመር የለወጠ ሰው ሁሉ ዶክሲጅን ላይብረሪውን በሙሉ እንደገና አንብቦ እስኪጨርስ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል፤ ዶክሲጅን ያልተጫነበት ማሽን ላይም ላይብረሪው ጨርሶ አይገነባም።

ስለዚህ «ሰነዱ የቢልዱ አካል ይሁን» ሲባል በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። በእያንዳንዱ ቢልድ መመንጨት አለበት? የጎደለ ወይም የተሳሳተ ኮሜንት ቢልዱን ሊያስቆም ይገባዋል? የመነጩት ፋይሎችስ የት ቢቀመጡ ይሻላል?

መልስ 1

ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች የተቀላቀሉ ይመስለኛል። ሰነዱ በቢልድ ሥርዓቱ መታወቁ አንድ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ቢልድ መመንጨቱ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ያስፈልግዎታል፣ ሁለተኛው ግን አያስፈልግዎትም። የቢልድ ሥርዓቱ ሰነዱን ያውቀዋል የምንለው ሰነዱ ከየትኞቹ ፋይሎች እንደሚመነጭ፣ ምን እንደሚወጣውና በየትኛው ትእዛዝ እንደሚወጣ ከኮዱ አጠገብ ተጽፎ ሲገኝና ማንኛውም የቡድኑ አባል ማንንም ሳይጠይቅ አንድ ታርጌት በመጥራት ሊያመነጨው ሲችል ነው። ይህ ከተሟላ ታርጌቱን ከ«ኦል» ያውጡት። ኮድ የሚጽፈው ሰው ሲፈልግ ይጠራዋል፤ የውህደት ሰርቨሩ (የሚገቡ ለውጦችን በራሱ የሚገነባና የሚፈትሽ ማሽን) ደግሞ ለእያንዳንዱ የለውጥ ጥያቄ ሳያሰልስ ይጠራዋል።

መዘግየቱ የሚመጣው ከሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ዶክሲጅን የተለወጠውን ፋይል ብቻ ለይቶ አያነብም፤ በተጠራ ቁጥር የተሰጠውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተነትናል። በዚህ ረገድ ስፊንክስ የሚባለው ሌላ የሰነድ ማመንጫ ይሻላል፤ ያነበበውን አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ ያነባልና። ሁለተኛ፣ ሲሜክ ተራ ከስተም ታርጌትን ሁልጊዜ ጊዜው እንዳለፈበት ስለሚቆጥረው ምንም ሳይለወጥ እንኳ ያስኬደዋል። የመጀመሪያውን መለወጥ አይቻልም፤ ሁለተኛውን ግን ይቻላል። ከሲሜክ 3.9 ጀምሮ «ዶክሲጅን አድ ዶክስ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ በ3.16 ላይ ደግሞ «ዩዝ ስታምፕ ፋይል» የሚል አማራጭ ተጨምሮለታል። ይህ አማራጭ ሲበራ ዶክሲጅን ሥራውን በጨረሰ ቁጥር አንድ ባዶ የማኅተም ፋይል ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲህ ከምንጭ ፋይሎቹ አንዱ ከማኅተሙ አዲስ ካልሆነ በቀር ዶክሲጅን አይጠራም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ ለትእዛዙ የሚሰጡት ዝርዝር የፎልደር ስም ሳይሆን የእያንዳንዱ ፋይል ስም መሆን አለበት፤ ፋይሎቹም ሲሜክ በሚዋቀርበት ሰዓት በቦታቸው መገኘት ይኖርባቸዋል።

የፋይል ዝርዝሩ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ሄደሮቹን ይጽፉና የመግቢያ ገጹን የማርክዳውን ፋይል፣ ምስሎቹን፣ የገጽ አቀማመጡን ፋይልና ዶክሲፋይሉን (የዶክሲጅንን የቅንብር ፋይል) ራሱን ይተዋሉ፤ ከዚያ አንድ ሰው የመግቢያውን ገጽ አርሞ ቢልድ ሲያደርግ ምንም ሳይለወጥ ይቀርና «ይህ ነገር አይሠራም» ተብሎ ሁሉም ወደ ድሮው ልማድ ይመለሳል። የሄደሮቹን ዝርዝር ደግሞ ሁለት ቦታ አይጻፉት። ሲሜክ 3.23 ካላችሁ ሄደሮቹን በፋይል ሴት (ከታርጌቱ ጋር በተያያዘ የፋይሎች ስብስብ) አስመዝግባችሁ ዝርዝሩን ከላይብረሪው ታርጌት ላይ ማንበብ ትችላላችሁ፤ አዲስ ሄደር ለላይብረሪው ሲጨመር ለሰነዱም በዚያው ይጨመራል።

ዶክሲጅን የሌለበትን ማሽን በተመለከተ፣ ፍለጋውን የግድ አያድርጉት። ከተገኘ ታርጌቱ ይፈጠራል፤ ካልተገኘ አንድ መስመር መልእክት ወጥቶ ቢልዱ ይቀጥላል። ላይብረሪያችሁን ሌላ ፕሮጀክት በንዑስ ፎልደርነት ሊያስገባው እንደሚችልም ያስቡ። የሲሜክ የታርጌት ስሞች በመላው ፕሮጀክት የጋራ ስለሆኑ «ዶክስ» የሚል ስም ከሌላው ጋር መጋጨቱ አይቀርም፤ የላይብረሪውን ስም ከፊት ያስቀድሙለት። ከ3.21 ጀምሮ ደግሞ ፕሮጀክቱ ራሱ የበላይ መሆን አለመሆኑን የሚነግር ተለዋዋጭ ስላለ፣ የሰነዱን ታርጌት የበላይ ሲሆን ብቻ መፍጠር ይቻላል።

የመነጨው ኤችቲኤምኤል ከጊት ይውጣ። ቦታው የቢልድ ፎልደሩ ነው፤ ኦብጀክት ፋይሎችን ኮሚት እንደማናደርግ ሁሉ ይህንንም የምናደርግበት ምክንያት የለም።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ። እኔ የማተኩረው ማስጠንቀቂያዎች ላይ ነው፤ ሰነዱ ከኮዱ እንዳይርቅ የሚጠብቀው ማመንጨቱ አይደለምና። ሐሰት የሚናገር ኮሜንትም ያለ አንዳች ችግር ወደ ቆንጆ ኤችቲኤምኤል ይለወጣል።

ዶክሲጅን «ዋርን አዝ ኤረር» የሚባል ቅንብር አለው። «የስ» ካሉት በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ላይ ይቆማል፤ ይህ ደግሞ አንዱን አርሞ፣ እንደገና አስኬዶ፣ ቀጣዩን ማየት ስለሚሆን አድካሚ ነው። «ፌይል ኦን ዋርኒንግስ» የሚለው ዋጋ ግን እስከ መጨረሻ ሄዶ ሁሉንም ማስጠንቀቂያ ከዘረዘረ በኋላ በስህተት ኮድ ይወጣል። ለውህደት ሰርቨር የሚስማማው ይኸኛው ነው። በስፊንክስ በኩልም ማስጠንቀቂያን ስህተት የሚያደርገው የካፒታል ደብልዩ አማራጭ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ ከ8.1 በፊት በነበሩት ስሪቶች ሳያቋርጥ እንዲቀጥል «ኪፕ ጎይንግ» አብሮ መሰጠት ነበረበት፣ ከ8.1 ጀምሮ ግን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻ ይሄዳል።

ከዚያ በፊት ግን የተሳሳተውን ከጎደለው ይለዩ። ኮሜንቱ ውስጥ የተጠቀሰው የፓራሜተር ስም በፈንክሽኑ ውስጥ ከሌለ፣ ወይም የተጠቆመው ክላስ ከጠፋ፣ ሰነዱ አንባቢውን እያሳሳተ ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢልዱን ሊያስቆም ይገባል። ኮሜንት ፈጽሞ የሌለው ፈንክሽን ግን የተለየ ጉዳይ ነው። የኮሜንት መጉደልን በአንድ ጊዜ ስህተት ብታደርጉት የምታገኙት ሰነድ ሳይሆን የቢልዱን አፍ የሚያዘጋ ቃላት ነው፦ «ስም አምጣ» በሚል ፈንክሽን ላይ «ስሙን ያመጣል» የሚል ኮሜንት። እንዲህ ያለው ኮሜንት ከባዶው ይብሳል፤ ባዶው ቢያንስ ያልተሠራ መሆኑን ይናገራል።

የጎደለውን ደረጃ በደረጃ ለመያዝ የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው። ማስጠንቀቂያዎቹ «ዋርን ሎግፋይል» በሚለው ቅንብር ወደ ፋይል እንዲጻፉ አደርጋለሁ፤ ፋይሉን በቅደም ተከተል አስተካክዬ የዛሬውን ሁኔታ እንደ መነሻ ኮሚት አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ አዲሱን ዝርዝር ከመነሻው ጋር ያነጻጽርና በመነሻው ውስጥ ያልነበረ ማስጠንቀቂያ ሲያገኝ ብቻ ለውጡን ይመልሳል፤ አሮጌው ዕዳ በየጊዜው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ነገሩ እንዲሠራ ግን የመስመር ቁጥሩ ከማስጠንቀቂያው ውስጥ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ከላይ አንድ መስመር በተጨመረ ቁጥር ከሥር ያለው ሁሉ አዲስ ይመስላል። «ዋርን ፎርማት» የሚለው ቅንብር የማስጠንቀቂያውን ቅርጽ ስለሚወስን ከፋይል ስሙና ከጽሑፉ በቀር ሌላውን ማስወጣት ይቻላል።

አንድ ወጥመድም አለ። «ኤክስትራክት ኦል» ከበራ ዶክሲጅን ስለ ጎደለ ኮሜንት ማስጠንቀቁን በራሱ ያቆማል። ብዙ ፕሮጀክቶች ይህን ቅንብር መጀመሪያ ላይ «ሁሉም ነገር ይታይ» ብለው ያበሩትና ማስጠንቀቂያ አልወጣም ብለው ሰነዳቸው የተሟላ ይመስላቸዋል። የእናንተ ዶክሲፋይል ውስጥ ምን እንደተጻፈ ቀድመው ይመልከቱ።

የዶክሲጅኑ ስሪት ደግሞ በሰርቨሩ ላይ የተወሰነ ይሁን። የማስጠንቀቂያዎቹ ቃላትና ብዛት ከስሪት ወደ ስሪት ስለሚለዋወጥ፣ ማስጠንቀቂያን ስህተት ያደረገ ቢልድ ኮዱን ማንም ሳይነካው በአንድ የሲስተም ዝመና ሊቆም ይችላል። በዚሁ ምክንያት ጥብቁን ቅንብር የማበራው በሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው፤ የሰው ማሽን ላይ ማስጠንቀቂያው ይታይ፣ ቢልዱን ግን አያቁም።

መልስ 3

በአብዛኛው የተባለው ልክ ነው፤ «የመነጨ ነገር ፈጽሞ አይቀመጥም» የሚለውን ግን ያለ ማሻሻያ ባናልፈው ይሻላል። በጊት ውስጥ አለማስቀመጥና ለተጠቃሚ በሚላከው ጥቅል ውስጥ አለማስቀመጥ የተለያዩ ናቸው። የጂኤንዩ የኮድ አጻጻፍ ደንብ የኢንፎ ሰነዶች ተመንጭተው ከምንጭ ጥቅሉ ጋር አብረው እንዲሠራጩ ያዛል፤ ተጠቃሚው ኮዱን ኮምፓይል ለማድረግ ብቻ ሲል የሰነድ መሣሪያዎችን ሁሉ እንዲጭን መገደድ የለበትም። «ማን» የሚባሉት የዩኒክስ የመመሪያ ገጾች ካሏችሁ ይህን አሠራር እመክራለሁ።

በጃቫ በኩልም ተመሳሳይ መስመር አለ። ሜቨን በሚባለው የጃቫ ቢልድ መሣሪያ የጃቫዶክ (የጃቫ ሰነድ ማመንጫ) ፕለጊን ሰነዱን በጃር፣ ማለትም በጃቫ ጥቅል ፋይል መልክ የሚጠቀልለው በ«ፓኬጅ» ምዕራፍ ላይ ነው፤ ወደ ሜቨን ሴንትራል የሚላክ ላይብረሪም የጃቫዶክና የምንጭ ኮድ ጃሮችን አብሮ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ብዙ ቡድኖች ይህን ሥራ ስሪት በሚያወጣው ፕሮፋይል ውስጥ ያስገቡታል። ጉዳቱ የጃቫዶክ ስህተት የሚታየው ስሪት በሚወጣበት ቀን፣ ማለትም ከሁሉ በከፋው ሰዓት መሆኑ ነው። በ2014 ጃቫ 8 ሲወጣ «ዶክሊንት» የሚባለው ምርመራ በነባሪነት በመብራቱ፣ ለዓመታት ሲመነጭ የነበረ ጃቫዶክ በተበላሸ የኤችቲኤምኤል ምልክት ምክንያት በድንገት ቢልድ ማስቆም ጀምሮ ነበር፤ ያኔ ከባድ ችግር ላይ የወደቁት ሰነዱን በስሪት ቀን ብቻ የሚያመነጩት ነበሩ። ስለዚህ ማተሙ በስሪት ጊዜ ይሁን፤ ማመንጨቱና መፈተሹ ግን በየለውጡ ይሁን።

በመልስ 2 ላይ ልጨምር የምፈልገው የኮድ ምሳሌዎችን ጉዳይ ነው። የፓራሜተር ስም ሲሳሳት ዶክሲጅን ይደርስበታል፤ በኮሜንት ውስጥ የተጻፈ ምሳሌ ኮምፓይል የማይሆን ከሆነ ግን ለእርሱ ተራ ጽሑፍ ነው። ተጠቃሚዎች በብዛት ቀድተው የሚወስዱት ደግሞ ምሳሌውን ነው። በረስት ቋንቋ በሰነድ ኮሜንት ውስጥ ያለ ምሳሌ በ«ካርጎ ቴስት» ጊዜ ኮምፓይል ሆኖ ይሮጣል፤ በፓይተንም ዶክቴስት ይህንኑ ያደርጋል። በሲ ፕላስ ፕላስ እንዲህ ያለ ነገር አብሮ አይመጣም፤ ነገር ግን ምሳሌዎቹን በእውነተኛ የፈተና ፋይል ውስጥ ጽፎ፣ የሚፈለገውን ክፍል በምልክት ከልሎ፣ በዶክሲጅን «ስኒፔት» ትእዛዝ ወደ ሰነዱ ማስገባት ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ምሳሌው በእያንዳንዱ ቢልድ ከላይብረሪው ጋር አብሮ ኮምፓይል ይሆናል፤ አንድ ሰው ፈንክሽኑን ለውጦ ምሳሌውን ካላረመ ኮምፓይለሩ ራሱ ያስታውሰዋል። ከሰነድ ጋር የተያያዘ ሥራ በ«ኦል» ውስጥ ይግባ ከተባለ፣ እኔ የማስገባው ይህንን ብቻ ነው።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታርጌቱን ከ«ኦል» አውጥተነዋል፤ ኤችቲኤምኤሉም ከጊት ወጥቷል። «ኤክስትራክት ኦል» በእኛም ዘንድ በርቶ ነበርና ስናጠፋው የማስጠንቀቂያው ብዛት የመነሻ ዝርዝሩን ዘዴ የግድ የሚያደርገው ሆኖ አግኝተነዋል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶናል። ከሄደሮቻችን ጥቂቶቹ በእጅ የተጻፉ አይደሉም፤ የስህተት ኮዶቹን ዝርዝር ከአንድ የጽሑፍ ፋይል አንብቦ ሄደር የሚያወጣ የፓይተን ስክሪፕት አለን፤ እርሱም የሚሮጠው በቢልድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሲሜክ በሚዋቀርበት ሰዓት ሄደሮቹ ገና አይኖሩም፤ የማኅተም ፋይሉ አማራጭም ይህን አይቀበልም። እነርሱን ከዝርዝሩ ብናስወጣ ደግሞ ተጠቃሚዎች ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት የስህተት ኮዶች ገጽ ይጠፋል። ወደፊት የመማሪያ ጽሑፎቹን በስፊንክስ አዘጋጅተን የዶክሲጅኑን ማጣቀሻ ሁለቱን በሚያያይዘው ብሪዝ በሚባል መሣሪያ በኩል ልናገናኘው ስለምናስብ፣ ቅደም ተከተሉን አሁኑኑ በትክክል ብንሠራው እንመርጣለን።

መልስ 1፣ በድጋሚ

ሄደሮቹ በቢልድ ሰዓት የሚወለዱ ከሆነ ያንን አማራጭ ይተዉትና ማኅተሙን ራስዎ ይሥሩት፤ የሚጨምረው ጥቂት መስመር ነው። በ«አድ ከስተም ኮማንድ» ውስጥ ውጤቱ የማኅተም ፋይሉ ይሁን፤ ትእዛዞቹ ሁለት ይሁኑ፣ መጀመሪያ ዶክሲጅን፣ ቀጥሎ በሲሜክ «ተች» ማኅተሙን ማደስ። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ ይጠንቀቁ፤ ዶክሲጅን በስህተት ከወጣ ማኅተሙ ሳይጻፍ መቅረት አለበት፤ አለዚያ የከሸፈው ሥራ እንደተሳካ ይቆጠራል። በጥገኝነት ዝርዝሩ ውስጥ በእጅ የተጻፉትንም በስክሪፕት የሚወጡትንም ሄደሮች ይጻፉ። የሚወጣውን ሄደር የሚያመነጨው ትእዛዝ በዚያው የሲሜክ ፋይል ውስጥ የተጻፈ ከሆነ ሲሜክ ግንኙነቱን ራሱ ያውቀዋልና ስክሪፕቱን ቀድሞ ያስኬዳል። በሌላ ፎልደር ውስጥ ከተጻፈ ግን የፋይል ስሙ ብቻውን አይበቃም፤ ሄደሩን የሚያወጣውን ታርጌት ስም በጥገኝነቱ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ስህተቱ የሚታየው ከባዶ ሲገነባ፣ ያውም በብዙ ኮር በትይዩ ሲሮጥ አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ መንስኤውን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው።

ዶክሲፋይሉን ደግሞ እንደ ቅጽ ይጻፉትና ሲሜክ በሚዋቀርበት ሰዓት ስሪቱንና መንገዶቹን ይሙላው። የግብዓት መስመሩ የምንጭ ፎልደሩንም የመነጩት ሄደሮች ያሉበትን የቢልድ ፎልደርም መያዝ አለበት። እግረ መንገድዎን «ስትሪፕ ፍሮም ፓዝ» የሚለውን ቅንብር ለሁለቱም ፎልደሮች ይሙሉት፤ አለዚያ የገንቢው የግል ማሽን ሙሉ የፋይል መንገድ በታተመው ሰነድ ላይ ይወጣል፤ በሁለት ማሽኖች የመነጨ ሰነድም እርስ በርሱ አይመሳሰልም።

ለስፊንክሱ ሰንሰለቱ በአንድ ደረጃ ይረዝማል እንጂ አይለወጥም። ብሪዝ የሚያነበው ዶክሲጅን የሚያወጣውን ኤክስኤምኤል ስለሆነ «ጀነሬት ኤክስኤምኤል» ይብራ፤ የስፊንክሱ ትእዛዝ ደግሞ በዶክሲጅኑ ማኅተም ላይ ጥገኛ ይሁን። በጥገኝነትነት የማኅተሙን ፋይል እንጂ ከኤክስኤምኤል ፋይሎቹ አንዱን አይምረጡ፤ የትኞቹ ፋይሎች እንደሚወጡ የሚወስነው ኮዱ ነውና ዛሬ ያለው ነገ ክላሱ ሲሰረዝ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

መልስ 2፣ በድጋሚ

ስለ መሰረዝ ከተነሣ፣ ለሕትመት የሚሆነው ሰነድ ሁልጊዜ በባዶ ፎልደር ውስጥ ይመንጭ። ዶክሲጅን የቆየውን ውጤት አያጸዳም፤ ከኮዱ የወጣ ክላስ ገጽ በፎልደሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ሰርቨሩ ላይ ከወጣ ደግሞ የፍለጋ ሞተሮች ለዓመታት ተጠቃሚን ወደዚያ ይልካሉ። በሰው ማሽን ላይ ይህ ብዙም አያስጨንቅም።

በውህደት ሰርቨሩ ላይ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያው በየለውጡ የሚሮጥ ሆኖ ያመነጫል፣ ማስጠንቀቂያውን ከመነሻው ጋር ያነጻጽራል፣ ውጤቱንም ገምጋሚው ከፍቶ እንዲያየው በጊዜያዊነት ያስቀምጣል፤ የማተም ፈቃድም ሆነ የይለፍ ቁልፍ አይሰጠውም። ሁለተኛው የሚሮጠው የስሪት ታግ ሲለጠፍ ብቻ ነው፤ ከታጉ ላይ በንጹሕ ፎልደር አመንጭቶ በስሪቱ ቁጥር በተሰየመ ቦታ ያትማል፤ የቀደሙት ስሪቶች ሰነድም በየቦታው ይቆያል። የጥሪ ግራፎች (የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደሚጠራ የሚያሳዩ ሥዕሎች) የምትፈልጉ ከሆነ በዚህኛው ላይ ብቻ ያብሯቸው፤ ለእያንዳንዱ ፈንክሽን ሥዕሉን የሚሠራውን ግራፍቪዝን መጥራት ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይወስዳልና። መጀመሪያ ላይ ያማረራችሁ መዘግየት ከዚያ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ዶክሲፋይሉን ስትከፍቱ «ኮል ግራፍ» እና «ኮለር ግራፍ» የሚሉትን መስመሮችም ተመልከቱ።